ኦፕንቢኤስዲን በስክሪፕት መጫንና አፕግሬድ ማድረግ

ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በእጅ መጫን ቀላል ነው። ኢንስቶለሩ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ በኢንተር ይታለፋሉ። ሥራው የሚከብደው ማሽኖቹ ሲበዙና ጊዜው ሲገፋ ነው። አዲስ ሪሊዝ በየስድስት ወሩ ገደማ ይወጣል፤ የደኅንነት ጥገና የሚያገኙት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዱን ሪሊዝ ዘሎ ወደሚቀጥለው መሄድ ደግሞ የሚደገፍ መንገድ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ማሽን በዓመት ሁለት አፕግሬድ ይጠብቀዋል።

የጭነት ስክሪፕት ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀውም ያን ዕለት ነው። በጭነት ጊዜ ጠበብ ተደርጎ የተቆረጠ የዲስክ ክፍል፣ ሳያስፈልግ የተነካካ ነባሪ ፋይል፣ ቨርዥኑ ሳይለይ የተጫነ ፓኬጅ፣ ሁሉም ዕዳቸውን የሚጠይቁት በመጀመሪያው አፕግሬድ ነው። እዚህ የተጻፈው ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ ለሚጽፍ ሰው ነው። የትእዛዝና የፋይል ስሞች እንደሚነበቡ ተቀምጠዋል፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደላት ይገባሉና ማኑዋሉን ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት ይሻላል።

የመልስ ፋይሉ

ኦቶኢንስቶል ከ5.5 ሪሊዝ (2014) ጀምሮ ኢንስቶለሩ ውስጥ አለ። ኢንስቶለሩ ሁልጊዜ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ያው ይጠይቃል፤ መልሱን ግን ከኪቦርድ ሳይሆን ከአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያነባል። መስመሩ በእኩል ምልክት ይከፈላል፤ በግራ የጥያቄው ቁራጭ፣ በቀኝ መልሱ። ጥያቄውን ከነሙሉ ቃሉ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከሌላ ጥያቄ ጋር እንዳይምታታ የሚበቁ ቃላት ካሉ ይሠራል። መልስ ያልተጻፈለት ጥያቄ ነባሪ መልስ ካለው በእሱ ያልፋል፣ ከሌለው ጭነቱ እዚያው ይቆማል።

ይህን ፋይል ከባዶ መጻፍ ድካም ነው። አቋራጩ አንድ ማሽን በእጅ መጫን ነው፦ ኢንስቶለሩ የጠየቀውንና የተሰጠውን መልስ መዝግቦ፣ ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሣ ለሩት (ለዋናው የአስተዳዳሪ አካውንት) በኢሜይል ይልከዋል። ያ ኢሜይል ዝግጁ የመልስ ፋይል ነው፤ የፓስወርዱን መስመር አስተካክሎ፣ አላስፈላጊውን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ከተቆረጠ በኋላ ይህን ይመስላል፦

ሲስተም ሆስትኔም = ዌብ1
ፓስወርድ ፎር ሩት = *************
ሴትአፕ ኤ ዩዘር = አድሚን
ፓስወርድ ፎር ዩዘር = *************
ፐብሊክ ኤስኤስኤች ኪይ ፎር ዩዘር = (የሕዝብ ቁልፉ ሙሉ መስመር)
ዊች ዲስክ ኢዝ ዘ ሩት ዲስክ = ኤስዲ0
ዩአርኤል ቱ ኦቶፓርቲሽኒንግ ቴምፕሌት = (የዲስክ ክፍፍል ፋይሉ አድራሻ)
ሎኬሽን ኦፍ ሴትስ = ኤችቲቲፒ
ሴት ኔም = -ጌም* -ኤክስ* +ሳይት*
ቼክሰም ቴስት ፎር ሳይት = የስ
አንቬሪፋይድ ሴትስ = የስ

አሥራ ሦስቱ ኮከቦች በፓስወርድ መግባትን የሚዘጉ ናቸው። ፋይሉ በተራ ኤችቲቲፒ ስለሚጓዝ ኔትወርኩ ላይ ያለ ሁሉ ሊያየው ይችላል፤ የሕዝብ ቁልፍ ቢታይ ጉዳት የለውም፣ የፓስወርድ ሃሽ (የተመሰጠረ መልኩ) ግን እዚያ ባይገኝ ይመረጣል። ሃሽ የግድ ካስፈለገ «ኢንክሪፕት» የሚለው ትእዛዝ ያወጣዋል። ሩትም ተጠቃሚውም በኮከብ ከተዘጉ ግን ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ተጠቃሚው በ«ዱአስ» (እንደ ሩት መሥራት በሚያስችለው ትእዛዝ) ሩት እንዲሆን የ«ዱአስ.ኮንፍ» መስመሩ ፓስወርድ የማይጠይቅ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ በኤስኤስኤች ገብቶ ምንም የማይሠራ ሰው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ኮንሶል ላይ መግቢያ የለም፤ ቀሪው መንገድ ከቡት ፕሮምፕቱ በ«-ኤስ» አማራጭ በሲንግል ዩዘር መነሣት ነው።

ማሽኑ የመልስ ፋይሉን የሚያገኘው በዲኤችሲፒ (ለማሽኖች የኔትወርክ አድራሻ በሚያድለው አገልግሎት) ነው። ከዲኤችሲፒው መልስ ሁለት ነገር ይወስዳል፦ የሰርቨሩን አድራሻና የፋይል ስም። የፋይል ስሙ «ኦቶ_ኢንስቶል» ከሆነ ጭነት፣ «ኦቶ_አፕግሬድ» ከሆነ አፕግሬድ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ በቅደም ተከተል ሦስት ስሞች ይፈልጋል፤ መጀመሪያ በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ) የሚጀምር፣ ቀጥሎ በሆስትኔሙ የሚጀምር፣ በመጨረሻ ለሁሉም የሚሆነውን «ኢንስቶል.ኮንፍ»። የማክ አድራሻው በትንንሽ ፊደልና በሁለት ነጥብ (:) የተከፋፈለ መሆን አለበት፤ በሰረዝ የተጻፈ ስም ዝም ተብሎ ይታለፍና ማሽኑ የሁሉንም ፋይል ይዞ ይጫናል። በፒኤክስኢ (ከኔትወርክ) ለሚነሣ ማሽን የቡት ፋይሎቹን በሚያቀርበው ቲኤፍቲፒ ሰርቨር ላይ «ኦቶ_ኢንስቶል» የሚባል ወደ «ፒኤክስኢቡት» የሚያመለክት ሊንክ ይቀመጣል፤ ማሽኑ በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ከሆነ ሊንኩ ወደ ኢኤፍአይ ቡትሎደሩ ይዞራል።

ኔትወርክ ቡት በማይቻልበት ቦታ የመልስ ፋይሉን የራምዲስክ ከርነሉ (ኢንስቶለሩን የያዘው ከርነል) ውስጥ መክተት ይቻላል። «ቢኤስዲ.አርዲ» ታምቆ ከመጣ መጀመሪያ ይፈታል፤ «አርዲሴትሩት» በ«-ኤክስ» የውስጡን ዲስክ ያወጣል፤ «ቪኤንኮንፊግ» እንደ ዲስክ ያያይዘዋል፤ ፋይሉ «ኦቶ_ኢንስቶል.ኮንፍ» ተብሎ ሥሩ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይከተታል። እንዲህ የተዘጋጀ ዩኤስቢ ግን ባዶውንም ሥራ ላይ ያለውንም ማሽን ሳይጠይቅ የሚያጠፋ ነው። ላዩ ላይ በደማቁ ይጻፍበት።

የኔትወርክ ቡትም የራሱ አደጋ አለው። ማሽኑ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከኔትወርክ እንዲነሣ ከተደረገ ተጭኖ ሲጨርስ ሪቡት ያደርጋል፣ እንደገና ኦቶ_ኢንስቶልን ያገኛል፣ እንደገና ይጫናል፤ ማቆሚያ የለውም። ቡት ኦርደሩ መጀመሪያ ዲስክ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ይሁን። አዲስ ባዶ ዲስክ ቡት ስለማያደርግ በራሱ ወደ ኔትወርክ ይሻገራል፤ የተጫነው ደግሞ ከዲስኩ ይነሣል። ሆን ተብሎ እንደገና መጫን ሲፈለግ የዲስኩን የመጀመሪያ ሜጋባይቶች በዜሮ መሙላትና ሪቡት ማድረግ ይበቃል።

ዲስኩ

ብዙ ስክሪፕቶች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ መውደቃቸው የሚታየው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው።

የክፍፍል ፋይሉ በየመስመሩ ማውንት ፖይንት፣ መጠን፣ ካስፈለገም የመቶኛ ድርሻ ይይዛል። መጠኑ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ሊጻፍ ይችላል፤ ኮከብ ማለት የቻለውን ያህል ማለት ነው። ለ40 ጊጋ ዲስክ እኔ የምመርጠው ሩት 1 ጊጋ፣ ስዋፕ 2፣ ቲኤምፒ 2፣ ዩኤስአር 6፣ ዩኤስአር/ሎካል 8፣ ቫር ከ4 ጊጋ ጀምሮ፣ ሆም ከ4 ጊጋ ጀምሮ፣ የተረፈውን ሁለቱ እንዲካፈሉት ነው። ዩኤስአር/ሎካል ለብቻው ሲሆን፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት «ደብልዩኤክስአላውድ» የሚባለው የማውንት ፈቃድ እዚያ ብቻ ታጥሮ ይቀራል።

ለዩኤስአር 6 ጊጋ የበዛ ይመስላል። ጭነቱ ላይ የኤክስ ስብስቦችን (የግራፊክስ ፋይሎቹ የታሸጉባቸውን) በ«-ኤክስ*» ስላስቀረን ግማሹም ይበቃ ነበር። ነገር ግን «ሲስአፕግሬድ» (የአፕግሬድ ትእዛዙ) በነባሪው የሚያወርደውና የሚዘረጋው በተፈረመው ዝርዝር ላይ ያሉትን ስብስቦች ሁሉ ነው፤ በጭነት ጊዜ የትኛው እንደተቆረጠ አይጠይቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው አፕግሬድ ኤክስም ጌሙም ተመልሰው ይመጣሉ። ዩኤስአር ለትንሹ ስርዓት ብቻ ተለክቶ ከሆነ፣ ስብስቦቹ በመዘርጋት ላይ እያሉ ክፍሉ ይሞላና ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ማሽን ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ቦታውን ከመጀመሪያው መስጠት፣ ወይ በየአፕግሬዱ በ«-ኤን» አውርዶ የማይፈለጉትን ፋይሎች ከ«ሆም/_ሲስአፕግሬድ» ሰርዞ ሪቡት ማድረግ። ዲስክ ርካሽ ነው፤ የመጀመሪያው ይሻላል።

ሆምም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ሲስአፕግሬድ ያወረዳቸውን ስብስቦች የሚያኖረው እዚያ ስለሆነ አፕግሬዱን የሚሠራው የራምዲስክ ከርነል ሊደርስበት በሚችል የማሽኑ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። ሆምን ከሌላ ሰርቨር በኤንኤፍኤስ ያያያዘ ማሽን ለኤንኤፍኤሱ ሌላ ማውንት ፖይንት ይፈልግለት።

የዲስኩ ስም ላይ፦ ኤንቪኤምኢም ብዙው የቨርቹዋል ማሽን ዲስክም ዩኤስቢም «ኤስዲ» ተብለው ነው የሚቆጠሩት። ከዩኤስቢ ሲጫን ኤስዲ0 የትኛው እንደሆነ በማሽኑ ዓይነት ይለያያል። አንድ ማሽን ላይ በሼል ገብቶ የዲሜሴጅ መስመሮችን ማየት ከዚህ ያድናል። ከተጫነ በኋላ ግን ችግር የለም፤ ኢንስቶለሩ ኤፍኤስታብ ውስጥ የሚጽፈው የዲስኩን መለያ ቁጥር እንጂ ስሙን ስላልሆነ ተራው ቢቀያየርም ማሽኑ ይነሣል።

የሳይት ስብስቡ

ከኦፊሴላዊዎቹ ስብስቦች በኋላ ኢንስቶለሩ የራሳችንን ይዘረጋል፤ ስሙ «ሳይት» ሆኖ የሪሊዙን ቁጥር ያለ ነጥብ ያስከትላል። ለ7.6 «ሳይት76.ቲጂዜድ» ነው። በሰረዝ የሆስትኔም ስም የተጨመረበት ደግሞ ለዚያ ማሽን ብቻ ይሆናል። ሪሊዝ ሲቀየር ቁጥሩን መቀየር የረሳ ሰው ምንም የስሕተት መልእክት አያገኝም፤ ጭነቱ በሰላም ያልቃል፣ ማሽኑ ግን ባዶውን ይነሣል። በኤችቲቲፒ ሲጫን ስብስቡ «ኢንዴክስ.ቲኤክስቲ» ውስጥ ካልተዘረዘረም ውጤቱ ያው ነው፤ ኢንስቶለሩ ያሉትን ፋይሎች የሚያውቀው ከዚያ ነው። ዝርዝሩ የሚሠራው ማውጫው ውስጥ ሆኖ በ«ኤልኤስ -ኤንቲ» ነው፤ የስም ዝርዝር ብቻ መጻፍ አይበቃም። የእኛ ስብስብ በፕሮጀክቱ ቁልፍ ስላልተፈረመ ማረጋገጫው ይወድቃል፤ በመልስ ፋይሉ መጨረሻ ያሉት ሁለት «የስ» መስመሮች ለዚህ የተጻፉ ናቸው።

ይህ ስብስብ የሚታሸግበት መንገድ በደንብ መታየት አለበት። በተለምዶ ሰው «ሳይት» የሚባል ማውጫ ይፈጥራል፣ ውስጡ ኢቲሲ (የማስተካከያ ፋይሎች ማውጫ)፣ ዩኤስአር/ሎካል እያለ ፋይሎቹን ይደረድራል፣ ከዚያ ታር ነጥቧን ይዞ ያሽጋል። የታሸገውን በ«ታር -ቲዜድቪኤፍ» ስናየው የመጀመሪያው መስመር ነጥብና ስላሽ ነው፤ ፈቃዱ ለምሳሌ 700፣ ባለቤቱ ያሸገው ተራ ተጠቃሚ። ኢንስቶለሩ ይህን በአዲሱ ስርዓት ሥር ላይ ፈቃድና ባለቤትነትን ሳይቀይር ይዘረጋዋል። ያቺ አንዲት መስመር የሩት ማውጫውን ራሱን 700 ታደርገዋለች። ማሽኑ ይነሣል፤ ሩት ሆኖ የሚሠራ ሁሉ ደኅና ነው፤ በራሱ ተጠቃሚ ስም የሚሮጥ ሰርቪስ ግን አንድም ፋይል መክፈት አይችልም፣ አድሚኑም በኤስኤስኤች ሲገባ ሼል አያገኝም። ኢቲሲ ላይ ከደረሰ ደግሞ የኢቲሲ ባለቤት ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይህ የደኅንነት ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ማውጫዎች አይታሸጉ። በ«ፋይንድ» ተራ ፋይሎችን ብቻ መርጦ፣ ዝርዝሩን በታር ትልቁ «-አይ» አማራጭ መስጠት ነው። ፋይሎቹ ከመታሸጋቸው በፊት ሩት እና ዊል ይደረጉ፣ ዱአስ.ኮንፍ 600 ወይም 644፣ ስክሪፕቶቹ 755። ሲያልቅ ዝርዝሩን አንዴ በዓይን ማየት፦ በ«ዲ» የሚጀምር መስመር ካለ ወይም ከሩት ሌላ ባለቤት ከታየ አይላክም።

ከሚሠራ ማሽን ላይ ኢቲሲን እንዳለ ቀድቶ ስብስብ ማድረግም አይሆንም። የኤስኤስኤች ሆስት ቁልፎች፣ «ራንደም.ሲድ»፣ «ሶይ.ኪይ» ሁሉም ለአንድ ማሽን ብቻ የተፈጠሩ ናቸው፤ ተባዝተው ሲሄዱ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ማንነት ይዘው ይነሣሉ። ስብስቡ ውስጥ የሚገባው ኦፕንቢኤስዲ ራሱ የማያመጣው ፋይል ብቻ ይሁን፦ አርሲ.ኮንፍ.ሎካል፣ ዱአስ.ኮንፍ፣ ሲስሲቲኤል.ኮንፍ፣ ኢንስቶልዩአርኤል፣ የራሳችን ስክሪፕቶች። ስርዓቱ የሚያመጣው ነባሪ ፋይል መለወጥ ካለበት ሙሉ ቅጂውን ከመተካት መስመሯን ብቻ በስክሪፕት መጨመር ይሻላል፤ ምክንያቱ ሲስመርጅ (ከአፕግሬድ በኋላ ኢቲሲን የሚያዋሕደው ትእዛዝ) ላይ ሲደረስ ይታያል።

ኢንስቶል.ሳይት እና አርሲ.ፈርስትታይም

ስብስቡ ሥር ላይ «ኢንስቶል.ሳይት» የሚባል የመሮጥ ፈቃድ ያለው ፋይል ካስቀመጠ፣ ኢንስቶለሩ በመጨረሻ አዲሱ ስርዓት ውስጥ ክሩት አድርጎ ያስሮጠዋል። ፈቃዱ ከሌለው ዝም ብሎ ያልፈዋል። «አፕግሬድ.ሳይት»ም በአፕግሬድ ጊዜ እንዲሁ ነው።

በዚያ ሰዓት እየሠራ ያለው ከርነል የራምዲስኩ መሆኑ አይዘንጋ። ፋይል መጻፍ፣ በ«አርሲሲቲኤል» ሰርቪስ ማንቃት ይቻላል፤ ፓኬጅ መጫንና ሙሉ ከርነል የሚሻ ሥራ ግን ለመጀመሪያው ቡት ይተው። ለዚያ የተዘጋጀው «ኢቲሲ/አርሲ.ፈርስትታይም» ነው፤ ኔትወርክ ከተነሣ በኋላ አንዴ ይሮጣል፣ የጻፈውን ለሩት በኢሜይል ይልካል፣ ይጠፋል። ኢንስቶለሩ ራሱ ፈርምዌር የማውረዱንና ኢሜይሉን የመላኩን መስመሮች እዚያ ስለሚጽፍ የእኛ መስመር በሁለት ቀስት (>>) መጨመር አለበት፤ በአንድ ቀስት የጻፈ የኢንስቶለሩን ያጠፋል።

አንዴ ብቻ መሮጡ ጥቅምም ጉዳትም ነው። በዚያች ደቂቃ ዲኤንኤስ ካልመለሰ ወይም ሚረሩ (ፋይሎቹ የሚወርዱበት ሰርቨር) ካልደረሰ ፓኬጆቹ አይጫኑም፤ ፋይሉ ጠፍቷልና የሚደግመው የለም። ስለዚህ ሥራውን በሙሉ አርሲ.ፈርስትታይም ውስጥ አለመጻፍ፤ በዩኤስአር/ሎካል/ኤስቢን ስር አንድ ስክሪፕት አስቀምጦ (እዚህ «አዘጋጅ» እንበለው) አርሲ.ፈርስትታይም እሱን ብቻ እንዲጠራ ማድረግ። አዘጋጅ ስንት ጊዜ ቢሮጥ ውጤቱ አንድ እንዲሆን ይጻፋል፦ መስመር ከመጨመሩ በፊት መኖሩን በግሬፕ ያያል፣ ተጠቃሚ ከመፍጠሩ በፊት መኖሩን ይጠይቃል። ካልተሳካ በእጅ መድገም ይቻላል። አፕግሬዱም የሚጠራው ያንኑ ነው።

አዘጋጅ ውስጥ ሦስት ነገሮች ሰው ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው ሲስፓች (የደኅንነት ጥገናውን የሚጭነው ትእዛዝ) ነው፤ የሚጨምረው ጥገና ሲያጣ 2 ይመልሳል። በ«ሴት -ኢ» የሚሮጥ ስክሪፕት ይህን እንደ ስሕተት ቆጥሮ እዚያው ይሞታል፤ ስለዚህ 2ን ለይቶ መቀበል ያስፈልጋል። ሲስፓች ራሱን ካደሰ ደግሞ እንደገና መሮጥ አለበት። ሁለተኛው ሪቡት ነው፤ ከአርሲ.ፈርስትታይም ውስጥ በቀጥታ ሪቡት ከተደረገ ለሩት የሚሄደው ኢሜይል ሳይላክ ይቀራል፣ ምን እንደተደረገም አይታወቅም። «ሻትዳውን -አር» ከአምስት ደቂቃ ቀጠሮ ጋር ይህን ይፈታል። ሦስተኛው ኢሜይሉን የሚያነብ ሰው መኖሩ ነው፤ ኢንስቶል.ሳይት የአሊያስ ፋይሉ ላይ ለሩት መድረሻ ይጨምር።

ለፓኬጆች «ፒኬጂ_ኢንፎ -ኤምዜድ» በእጅ የተጫኑትን ብቻ፣ ያለ ቨርዥን ቁጥር፣ ለ«ፒኬጂ_አድ -ኤል» በሚመች መልክ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ሳይት ስብስቡ ውስጥ ይገባል። ብዙ ቅርንጫፍ ወይም ፍሌቨር (በተለያየ አማራጭ የተሠራ ቅጂ) ያለው ፓኬጅ ግን ስሙ ብቻ ከተጻፈ ፒኬጂ_አድ «የትኛውን?» ይላል፤ የሚመልስለት በሌለበት ሳይጭነው ያልፋል። ፒኤችፒና ፓይተን በመቶኛ ምልክት ቅርንጫፋቸው፣ ቪም በድርብ ሰረዝ ፍሌቨሩ ተለይቶ ይጻፍ።

አፕግሬዱ

ሲስአፕግሬድ ከ6.6 (2019) ጀምሮ ያለ ትንሽ የሼል ስክሪፕት ነው፤ ከፍቶ ማንበብ ብዙ ጥያቄ ይመልሳል። የቀጣዩን ሪሊዝ የተፈረመ የቼክሰም ዝርዝር ያወርዳል፤ ማረጋገጫ ቁልፉ ቀድሞውኑ በአሁኑ ሪሊዝ ውስጥ አለ። ስብስቦቹን አውርዶ ያረጋግጣል። ከዚያ የአዲሱን ሪሊዝ ራምዲስክ ከርነል «ቢኤስዲ.አፕግሬድ» ብሎ ሩት ላይ ያኖርና «ኦቶ_አፕግሬድ.ኮንፍ» ይጽፋል፤ ጭነቱ ላይ ያየነው የመልስ ፋይል ይኸው ተመልሶ መጣ። ሪቡት ሲደረግ ቡትሎደሩ ቢኤስዲ.አፕግሬድን ካገኘ ከተራው ከርነል በፊት እሱን ያነሣል፤ ሲያነሣውም የመሮጥ ፈቃዱን ይነጥቀዋል። በዚህ የተነሣ አፕግሬዱ ቢከሽፍ እንኳ ቀጣዩ ቡት ወደ ተለመደው ከርነል ይመለሳል፣ ክብ ውስጥ አይገባም።

«-ኤን» አማራጩ ሁሉንም አዘጋጅቶ ሪቡቱን ብቻ ለእኛ ይተዋል። ለብዙ ማሽን ይህ ምቹ ነው፤ ማውረዱ ቀን ይሠራል፣ ሪቡቱ በተቀጠረ ሰዓት። ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማሽኑ የተወጠረ ነው፦ መብራት ቢቋረጥ ወይም ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ሪቡት ቢያደርገው አፕግሬዱ ያኔውኑ ይጀምራል። ቀጠሮው ከተሰረዘ ቢኤስዲ.አፕግሬድን መሰረዝ አይረሳ።

የሳይት ስብስቡ በዚህ መንገድ አይመጣም፤ ሲስአፕግሬድ የሚያወርደው የተፈረመውን ዝርዝር ብቻ ነው። የሚቀረው በጭነት ጊዜ ሥር ላይ ያስቀመጥነው አፕግሬድ.ሳይት ነው፤ ኢንስቶለሩ እዚያው ያገኘዋል። ይዘቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ አዘጋጅን በሁለት ቀስት አርሲ.ፈርስትታይም ላይ መጨመር ይበቃዋል። ሪቡት ከመደረጉ በፊት በቀጥታ አርሲ.ፈርስትታይም ላይ መጻፍ አይመከርም፤ ሲስአፕግሬድም ስብስቦቹን የሚያጸዳበትን መስመር እዚያው ስለሚጽፍ የእኛ ሊጠፋ ይችላል። አዘጋጅ በአፕግሬድ ጊዜ «ፒኬጂ_አድ -ዩ»ን ያስሮጣል፣ ቀጥሎ ሲስፓችን፣ ከዚያ ከፓኬጅ የመጡትን ሰርቪሶች ሪስታርት ያደርጋል። የመጨረሻው የግድ ነው፤ ሰርቪሶቹ በዚያ ቡት ሲነሡ ፓኬጆቹ ገና የድሮዎቹ ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ከአዲሱ ስርዓት ጋር ሳይስማሙ ወድቀው ሊሆን ይችላል።

ፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ባለበት ማሽን ፒኬጂ_አድ -ዩ በጭፍን አይሮጥም። የሜጀር ቨርዥን ለውጥ ካለ አዲሱ ሰርቨር የድሮውን የዳታ ማውጫ አይከፍትም። ሲስአፕግሬድን የሚጠራው ስክሪፕት አስቀድሞ ሙሉ ደምፕ ወስዶ ከማሽኑ ውጭ ያስቀምጥ፤ ደምፑ ካልተሳካ ወይም ባዶ ከሆነ ይቁም። የቀረው ሂደት ከፓኬጁ ጋር በሚመጣው የ«ፒኬጂ-ሪድሚስ» ጽሑፍ ላይ በዝርዝር አለ።

ኢቲሲን የሚያዋሕደው ሲስመርጅ ነው። ከአፕግሬድ በኋላ በመጀመሪያው ቡት በ«-ቢ» ያለ ጥያቄ ይሮጣል፤ ያልተነካ ነባሪ ፋይልን በአዲሱ ይተካል፣ የተነካውን ሊያዋሕደው ካልቻለ ለሰው ይተወዋል። አንድ መስመር የተጨመረበት ፋይል ብዙውን ጊዜ ለመዋሐድ ቀላል ነው፤ በሙሉ የተተካ ፋይል ግን በየሪሊዙ እንደገና ይጠይቃል። «ሲስመርጅ.ኢግኖር» የሚባል ዝርዝር አለ፤ ሁሉንም እዚያ ወርውሮ መገላገል ግን አይሠራም። በተለይ ማስተር.ፓስወርድና ግሩፕ እዚያ ከገቡ አዲሱ ሪሊዝ የሚፈልጋቸው የሰርቪስ ተጠቃሚዎች አይፈጠሩም።

አዘጋጅ ፓኬትፊልተሩንም ያረጋግጥ፦ «ፒኤፍሲቲኤል -ኤንኤፍ» ደንቡን ሳይጭን ያነባል። ደንቡ በአዲሱ ሪሊዝ ካልተነበበ ማሽኑ የሚቀረው ቡት ላይ በሚጫነው ጥቂት ደንብ ነው፤ ኤስኤስኤች ክፍት ነው፣ ሌላው ወደ ውስጥ የሚመጣ ትራፊክ ግን ተዘግቷል። በኤስኤስኤች ገብቶ «ሁሉ ደኅና ነው» ያለ ሰው ዌብ ሰርቨሩ ለምን እንደማይመልስ ሲፈልግ ይውላል።

መሞከሪያና መመለሻ

ሁሉም ነገር ቪኤምዲ (የኦፕንቢኤስዲ የቨርቹዋል ማሽን አገልግሎት) ላይ ሊሞከር ይችላል። «ቪኤምሲቲኤል» 40 ጊጋ የኪውኮው2 ዲስክ ይፈጥራል፤ ማሽኑ በቢኤስዲ.አርዲ፣ ቡት ዲቫይሱ «ኔት» ተብሎ ሲነሣ የቪኤምዲ አብሮገነብ ዲኤችሲፒ ራሱ ኦቶ_ኢንስቶል ብሎ ይመልስለታል፤ የመልስ ፋይሉ አስተናጋጁ ማሽን ላይ በኤችቲቲፒዲ ይቀርባል። ማሽኑ ወደ ሚረሩ እንዲወጣ አስተናጋጁ ላይ የናት ደንብና የአይፒ ፎርዋርዲንግ ያስፈልጋሉ። አዲሱን ሪሊዝ ከባዶ ጭኖ መርካት ግን ግማሽ ሙከራ ነው። ያለፈውን ሪሊዝ በያኔው ሳይት ስብስብ መጫን፣ ዲስኩን እንደ መነሻ ማስቀመጥ፣ በላዩ በተመሠረተ ሌላ የኪውኮው2 ፋይል ላይ ሲስአፕግሬድን ማስሮጥ፤ ከከሸፈ ያን ፋይል ጥሎ ከመነሻው እንደገና መጀመር ይቻላል። ከዚያ አንድ እውነተኛ ማሽን፣ ኮንሶሉ በእጅ ያለ፣ ቀጥሎ የቀሩት።

አፕግሬዱ መሐል ላይ ከቆመ ሩት ላይ ያለው ቢኤስዲ.አርዲ መውጫ ነው። ከቡት ፕሮምፕቱ ስሙን ጠርቶ ማንሣት፣ ኢንስቶለሩ ሲጠይቅ ለአፕግሬድ «ዩ» መምረጥ፣ ስብስቦቹን ከሚረሩ ማምጣት። ምክንያቱ የሞላ ዩኤስአር ከሆነ መጀመሪያ «ኤስ» ብሎ ሼል ገብቶ ቦታ ማስለቀቅ፣ ለምሳሌ የኤክስ ፋይሎች ያሉበትን ዩኤስአር/ኤክስ11አር6 ማጽዳት፤ ስብስብ ሲመረጥም «-ኤክስ*» ማለት። በእጅ የተሠራ አፕግሬድም ለኢንስቶለሩ አፕግሬድ ስለሆነ አፕግሬድ.ሳይትን ያስሮጣል፤ መስመሩ አርሲ.ፈርስትታይም ላይ ሁለቴ ቢጻፍም አዘጋጅ ስለማይከፋው ማሽኑ ፓኬጆቹን አድሶ ይነሣል።